አንቴና መቁጠር ምክር አይደለም፦ ስለ ቤት ዋይፋይ ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በደሴና በኮምቦልቻ የኮምፒውተር ተጠቃሚዎች ዘንድ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ጽሑፉ ለቤት ኮምፒውተር የሚሆን የዋይፋይ ዕቃ እንዴት እንደሚመረጥ የሚመክር ሲሆን፣ ምክሩ ባጭሩ የሚከተለው ነው፦ ብዙ አንቴና ያለው ራውተር ግዙ፤ ለዴስክቶፕ ካርቶኑ ላይ 1200 የሚል ቁጥር ያለበትን የዩኤስቢ አዳፕተር (ኮምፒውተሩን ከዋይፋይ ጋር የሚያገናኝ ትንሽ መሰኪያ) ገዝታችሁ ከጀርባ ሰክታችሁ እርሱት፤ ጎረቤት ያልያዘውን ቻናል (ራውተሩ የሚያሰራጭበትን የሞገድ ቦታ)፣ ለምሳሌ 3ን፣ ምረጡ፤ ሲግናል የማይደርስበት ክፍል ካለ እዚያው ክፍል ውስጥ ሪፒተር አስቀምጡ፣ ኬብል መዘርጋት ጊዜው አልፎበታልና፤ ደሴ ተራራማና ዝናባማ ስለሆነች ከኮምቦልቻ ይልቅ ጠንከር ያለ ራውተር ያስፈልጋታል፤ የኔትወርኩን ስም ከደበቃችሁ ማንም አይገባባችሁም። በመጨረሻም መብራት ሲጠፋ ራውተሩን የሚያቆይ አነስተኛ ባትሪ መግዛት እንደሚጠቅም ያስታውሳል።

ጸሐፊው ለሰው አስበው እንደጻፉ ከአገላለጻቸው ይታያል፤ ቋንቋቸውም ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ ከመጨረሻው በስተቀር ነጥቦቻቸው ወይ ስሕተት ወይ ግማሽ እውነት ናቸው፤ የተከተላቸው ሰውም ገንዘቡን ችግሩ በሌለበት ቦታ ያወጣል። አብዛኞቹ ስሕተቶች የሚመነጩት ከአንድ ቦታ ነው፤ ጽሑፉ ዋይፋይን ከራውተሩ ተነሥቶ ወደ ኮምፒውተሩ ብቻ የሚሄድ ነገር አድርጎ ይመለከተዋል። ዋይፋይ ግን ምልልስ ነው። ኮምፒውተሩ የተላከለት መረጃ በትክክል እንደደረሰው በየጊዜው መልሶ ማሳወቅ አለበት፤ ያ ማረጋገጫ ራውተሩ ዘንድ ካልደረሰ ራውተሩ ያንኑ መረጃ ደግሞ ይልካል። ስለዚህ የግንኙነቱን አቅም የሚወስነው ከሁለቱ ወገኖች ደካማው ነው። እኔ በማውቃቸው የደሴና የኮምቦልቻ ቤቶች ደግሞ ደካማው ወገን ብዙውን ጊዜ ራውተሩ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ነው።

አራት አንቴና ካለው ራውተር ስድስት ያለው፣ ስድስት ካለውም ስምንት ያለው ይበልጣል ከሚለው ነጥብ ልጀምር። በገበያ ላይ በብዛት በሚገኙት ባለ አራት አንቴና የቤት ራውተሮች ብዙውን ጊዜ ሁለቱ አንቴናዎች ለ2.4 ጊጋኸርዝ፣ ሁለቱ ደግሞ ለ5 ጊጋኸርዝ፣ ማለትም ዋይፋይ ለሚሠራባቸው ሁለት የሬዲዮ ሞገድ ክልሎች (ባንዶች)፣ የተመደቡ ናቸው፤ ይህን ያላወቀ ገዢ አራቱም በአንድ ጊዜ ለእርሱ ኮምፒውተር የሚሠሩ ይመስለዋል። በቤት ዋይፋይ ውስጥ ብዙ አንቴናዎችን አስተባብሮ የተለያዩ የመረጃ ጅረቶችን ጎን ለጎን መላክ መደበኛ አሠራር የሆነው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 ከጸደቀው 802.11ኤን ከተባለው መስፈርት ጋር ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። የጅረቶቹ ቁጥር ግን ከሁለቱ ወገኖች አነስተኛ አንቴና ባለው ይወሰናል። አብዛኞቹ ላፕቶፖች በስክሪኑ ዙሪያ የተቀበሩ ሁለት አንቴናዎች አሏቸው፤ ጥፍር የምታክለው ርካሽ የዩኤስቢ አዳፕተር ግን ያላት አንድ ብቻ ነው። ስምንት አንቴና የተተከለበት ራውተር ከእርሷ ጋር ሲገናኝ የሚጠቀመው አንድ ጅረት ነው፤ በ2.4 ጊጋኸርዝ የተለመደውን የ20 ሜጋኸርዝ ስፋት ከያዙ የዚያ ጅረት ጣሪያ በ802.11ኤን 72 ሜጋ ቢት በሰከንድ ገደማ ነው። ፍትሐዊ ለመሆን፣ ትርፍ አንቴናዎች ጭራሽ ከንቱ አይደሉም፤ ደካማ ሲግናልን አቀናጅተው በተሻለ ሁኔታ ለመቀበል ይረዳሉ፣ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ በሚጠቀምበት ቤትም አዳዲሶቹ ራውተሮች ለሁለትና ለሦስት መሣሪያዎች በአንድ ላይ ለመላክ ይጠቀሙባቸዋል። አንድ ዴስክቶፕና ሁለት ስልክ ላለው ቤት ግን ይህ ልዩነት በዋጋው ልክ አይታይም።

የአንቴናው ርዝመትም በጽሑፉ እንደ ብርታት ተቆጥሯል። አንቴና ኃይል አይፈጥርም፤ የተሰጠውን ኃይል የሚያከፋፍልበትን ቅርጽ ብቻ ይለውጣል። ቀጥ ብሎ የቆመ ረጅም አንቴና ሲግናሉን ወደ ጎን ይዘረጋል፤ ለዚህም ዋጋ ሆኖ ከላይና ከታች ያለውን ይቀንሳል። ሜዳ ላይ ለተሠራ፣ ፎቅ ለሌለው ቤት ይህ ጥሩ ነው። ደሴ ላይ ግን ቤቱ ብዙውን ጊዜ ዳገት ላይ ስለሚሠራ አንዱ ክፍል ከሌላው ብዙ ደረጃ ዝቅ ወይም ከፍ ብሎ ይገኛል፤ እንዲህ ባለ ግቢ ውስጥ ሁሉንም አንቴና ቀጥ አድርጎ ማቆም ታችኛውን ክፍል መበደል ነው፤ አንዱን አግድም ማስተኛት ይሻላል። የራውተሩን ኃይል መጨመርም ቢሆን መልስ አይሆንም። ላፕቶፕና ስልክ በአብዛኛው ከራውተሩ ባነሰ ኃይል ስለሚያሰራጩ፣ ድምፅ ማጉያ ይዞ ከማዶ የሚጣራ ሰው ባዶ እጁን የቆመው የሚመልስለትን እንደማይሰማ ሁሉ፣ የራውተሩ ሲግናል ለኮምፒውተሩ ይደርሳል እንጂ ራውተሩ የኮምፒውተሩን መልስ አይሰማም። ኮምፒውተሩ ላይ የሲግናሉ ምልክት ሙሉ ሆኖ ሳለ ገጽ አልከፍት ከሚልባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

በካርቶን ላይ ስለሚጻፈው ቁጥር ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ ገዢ በብዛት የሚታለለው እዚህ ላይ ነውና። 1200 የአንድ ፍጥነት መጠሪያ አይደለም፤ የሁለት ፍጥነቶች ድምር ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ 300፣ በ5 ጊጋኸርዝ 867 ሜጋ ቢት በሰከንድ ሲደመሩ 1167 ይሆናሉ፤ አምራቹ ወደ ላይ አጠጋግቶ 1200 ብሎ ይጽፋል። 600 የሚለውም የ150 እና የ433 ድምር ሲሆን፣ 1800 ተብለው በሚሸጡት የዋይፋይ 6 ራውተሮችም 574 እና 1201 ተደምረዋል። አዳፕተሩ ግን በአንድ ጊዜ የሚገናኘው በአንደኛው ባንድ ብቻ ስለሆነ፣ ድምሩን በሥራ ላይ የሚያየው ሰው የለም። ከዚያም 867 የሚባለው ራሱ በአየር ላይ ያለው የግንኙነት ፍጥነት ነው፤ ተራ ለመጠበቂያ፣ ለማረጋገጫና ለመሳሰለው የሚሄደው ጊዜ ሲቀነስ ለተጠቃሚው የሚደርሰው ግማሽ ወይም ከግማሽ ጥቂት ከፍ ያለ ነው። በዚህ ላይ አዳፕተሩ የተሰካው በዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ ላይ ከሆነ፣ የቀዳዳው የራሱ ጣሪያ በወረቀት ላይ 480 ሜጋ ቢት በሰከንድ ነው፤ በተግባር ከዚያም ያንሳል። ፒያሳ አካባቢ ተገዝተው ቤት የሚገቡት ያገለገሉ ዴስክቶፖች ብዙዎቹ የፊት ቀዳዳቸው 2.0 ነው፤ የ3.0ው ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ በውስጡ ባለው ሰማያዊ ፕላስቲክ ይለያል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ወደ ቤቱ የሚገባው መሥመር አለ፤ ጽሑፉ ስለ እርሱ አንድም ቃል አልተናገረም። በ10 ሜጋ ቢት ውል የሚጠቀም ቤት ውስጥ 700 ሜጋ ባይት የሆነ ፊልም ከኢንተርኔት ለማውረድ፣ መሥመሩ ሳይቆራረጥ በሙሉ አቅሙ ቢሠራ እንኳ፣ ከ9 ደቂቃ በላይ ይወስዳል፤ አንድ ባይት ስምንት ቢት ነውና። አዳፕተሩ 150 የሚልም ይሁን 1200 የሚል ይህ ሒሳብ አይለወጥም። የአዳፕተሩ ፍጥነት የሚታየው በቤት ውስጥ ነው፤ ፊልሙ በኬብል ከራውተሩ ጋር በተገናኘ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ካለና ወደ እናንተ የሚቀዳ ከሆነ፣ በተግባር 24 ሜጋ ቢት የሚሰጥ ያረጀ አዳፕተር 4 ደቂቃ ገደማ ሲፈጅበት፣ 400 የሚሰጠው በ14 ሰከንድ ይጨርሰዋል። እንዲህ ዓይነት ሥራ ያለው ሰው፣ ለምሳሌ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር፣ ፈጣን ዕቃ ቢገዛ አግባብ ነው። ሌላው ግን ከመግዛቱ በፊት ላፕቶፑን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኝቶ ፍጥነቱን ይለካ፣ ቀጥሎም በሚሠራበት ክፍል ሆኖ በዋይፋይ ይለካ። ሁለቱ ውጤቶች ከተቀራረቡ ችግሩ መሥመሩ ላይ ነው፤ የትኛውም አዳፕተር አይፈታውም። በኬብል 10 አግኝቶ በዋይፋይ 2 ካገኘ ግን ወጪው ቤት ውስጥ የሚያርፍበት ምክንያት አለ።

አዳፕተሩን ከጀርባ ሰክቶ መርሳት የሚለው ምክር ከሁሉም የሚጎዳው ነው። የዴስክቶፕ ጀርባ ከፊቱ የብረት ሣጥን፣ ከኋላው ግድግዳ አለበት፤ ብዙ ጊዜም ከጠረጴዛ በታች ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ የዩኤስቢ 3.0 ቀዳዳዎችና ኬብሎች ሲሠሩ በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ የሬዲዮ ሁከት ማመንጨታቸው ነው፤ ይህን ኢንቴል በ2012 ባወጣው የቴክኒክ ጽሑፍ አብራርቶታል። ከጎኑ የውጭ ሃርድ ዲስክ የተሰካበት አዳፕተር ፋይል ሲቀዳ ኢንተርኔቱ የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ በዚህ ሳቢያ ነው፤ ባለቤቱ ግን ቫይረስ ነው ብሎ ዊንዶውስ ያስጭናል። መፍትሔው አንድ ሜትር የምትሆን የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድ ገዝቶ አዳፕተሩን ከጠረጴዛው በላይ ማውጣት፣ ቢቻልም ወደ 5 ጊጋኸርዝ መሻገር ነው።

ጽሑፉ ጨርሶ ያልነካው አማራጭ የውስጥ ካርድ ነው። ለዴስክቶፕ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካና አንቴናው በሽቦ ተስቦ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ካርድ አለ፤ ከጥፍር አዳፕተር በብዙ ይሻላል። ላፕቶፕም ቢሆን የዋይፋይ ካርዱ በአብዛኛው ሊቀየር ይችላል፤ አንድ አንቴና ብቻ ባለው ካርድ የመጣ የቆየ ላፕቶፕ፣ ሁለተኛው የአንቴና ሽቦ ስክሪኑ ውስጥ ካለ፣ ራውተሩን ሳይነኩ ካርዱን በመለወጥ ብቻ ሌላ ማሽን ይሆናል። ሲገዛ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የቆዩት ላፕቶፖች የሚቀበሉት ሚኒ ፒሲአይ ኤክስፕረስ የተባለውን ቅርጽ ሲሆን አዳዲሶቹ ኤም.2 የተባለውን ነው፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ኤም.2 ከሆነም ኢንቴል ኤኤክስ200 እና ኤኤክስ201 ተመሳሳይ መስለው የተለያዩ ናቸው፤ የመጀመሪያው ክፍት ቦታና ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራ ፕሮግራም) ባለበት ማሽን ሁሉ ማለት ይቻላል ይሠራል፣ ሁለተኛው ግን ከሥራው ከፊሉን ለኢንቴል ፕሮሰሰር ክፍል ስለሚተው ለዚያ ተብሎ ከተዘጋጀ የኢንቴል ማዘርቦርድ ውጭ አይሠራም። በአንድ ቁጥር ልዩነት ገንዘብ ይቃጠላል። አንዳንድ የቆዩ ላፕቶፖች ደግሞ አምራቹ ከፈቀደው ዝርዝር ውጭ ያለ ካርድ ሲገባባቸው አንነሣም ይላሉ፤ ዕቃውን ለሻጩ የመመለስ መብት ሳያስከብሩ መግዛት አይገባም። ድራይቨርን በተመለከተ፣ አዳፕተሩ በሲዲ ይዞት መጥቶ ኮምፒውተሩ የሲዲ ማጫወቻ የሌለው ሲሆን ብዙ ሰው ይቸገራል፤ ስልክን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝቶ የስልኩን ኢንተርኔት ለኮምፒውተሩ ማጋራት ይቻላል፣ ዊንዶውስም አብዛኛውን ጊዜ ድራይቨሩን ራሱ ፈልጎ ያወርዳል።

ወደ ቻናሉ ስንመጣ፣ የጸሐፊው ምክር ለዓይን ትክክል ይመስላል። ጎረቤቶች 1 እና 6 ላይ ከሆኑ መካከል ያለው 3 ባዶ ነው፤ እዚያ ብንገባ ማን ይነካናል? ችግሩ በ2.4 ጊጋኸርዝ ያሉት ቻናሎች የተቀመጡት በ5 ሜጋኸርዝ ልዩነት ሆኖ፣ አንድ ራውተር የሚይዘው ስፋት ግን 20 ሜጋኸርዝ ገደማ መሆኑ ነው። ቻናል 1 መካከሉ 2412፣ ቻናል 6 ደግሞ 2437 ሜጋኸርዝ ነው፤ 2422 ላይ የሚቀመጠው ቻናል 3 የሁለቱንም ጠርዝ ይረግጣል። በአንድ ቻናል ላይ ያሉ ራውተሮች እርስ በርስ ስለሚደማመጡ ተራ ይጠባበቃሉ፤ በከፊል ተደራርበው ያሉት ግን የሌላውን መልእክት ማንበብ አይችሉምና ለእያንዳንዳቸው የሌላው ጨዋታ ጫጫታ ነው። በዚህ ምክንያት 3 ላይ የገባ ሰው ራሱም ተጎድቶ ሁለቱንም ጎረቤቶቹን ይጎዳል። የማይደራረቡት 1፣ 6 እና 11 ናቸው፤ ከእነዚህ አነስተኛ ሲግናል የሚታይበትን መምረጥ ነው። ስፋቱን 40 ማድረግም፣ ተከራይ በተከራይ ላይ በሆነበት ግቢ፣ ከሦስቱ ቦታዎች ሁለቱን ለብቻ ይዞ ከጎረቤት ጋር መጣላት ነው። 5 ጊጋኸርዝ ላይ ቦታው ሰፊ በመሆኑ ይህ ጭንቀት ይቀላል።

ስለ ሪፒተርና ስለ ኬብል የተነገሩት ሁለቱ ነጥቦች አንድ ላይ መልስ ቢያገኙ ይሻላል፤ ጸሐፊው ራሳቸው አንዱን የሌላው ምትክ አድርገው አቅርበዋቸዋልና። ሪፒተር የሰማውን የሚደግም መሣሪያ ነው። ሲግናል በማይደርስበት ክፍል ውስጥ ከተቀመጠ የሚደግመው ነገር አይኖረውም፤ ቢቀመጥም የሚቀመጠው በራውተሩና በዚያ ክፍል መካከል፣ ሲግናሉ ገና ጠንካራ በሆነበት ቦታ ነው። በዚያ ላይ ርካሾቹ ሪፒተሮች ከራውተሩ የሚቀበሉትም ለኮምፒውተሩ የሚልኩትም በአንድ ሬዲዮ ስለሆነ፣ አንዱን ሲሠሩ ሌላውን አይሠሩም፤ ፍጥነቱ ቢያንስ በግማሽ ይወርዳል። አሁን ደግሞ የእኛን ግቢ እንመልከት። ራውተሩ ያለው ትልቁ ቤት ሳሎን ውስጥ ነው፤ ተማሪው ወይም ተከራዩ የሚኖረው ከጓሮ ባለው ሰርቪስ ቤት ነው። በመካከላቸው ብሎኬት ወይም የድንጋይ ግድግዳ፣ ከዚያም የቆርቆሮ አጥር ወይም በቆርቆሮ የተሠራ ግድግዳ አለ። ደረቅ የጭቃ ምርጊት ሲግናልን ያደክማል እንጂ አይገድልም፤ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳና ብረት የበዛበት ኮንክሪት በእጅጉ ያደክማሉ፤ ቆርቆሮ ግን ብረት ስለሆነ ያንጸባርቀዋል፣ የሚያልፈው በበርና በመስኮት የሚገኘው ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ቦታ በሪፒተር መውጋት የገንዘብ ድካም ነው።

ጊዜው አልፎበታል የተባለው ኬብል ይህን በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጨርሰዋል። ካት 5ኢ የተባለው የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ 1000 ሜጋ ቢት በሰከንድ ያደርሳል፤ የተለመደ የደሴ መኖሪያ ግቢ ደግሞ 100 ሜትር አይፈጅም። በኬብሉ ሌላ ጫፍ ላይ አዲስ ዕቃ መግዛት እንኳ አያስፈልግም፤ ከቁም ሣጥን በላይ የተቀመጠውን አሮጌ ራውተር አውርዶ አድራሻውን ከዋናው የተለየ ማድረግ፣ ለምሳሌ ዋናው 192.168.1.1 ከሆነ 192.168.1.2 ብሎ መስጠት፣ አድራሻ የማደል ሥራውን (ዲኤችሲፒ የሚባለውን) ማጥፋትና ኬብሉን ኢንተርኔት በሚለው ቀዳዳ ሳይሆን ከሌሎቹ አራት ቀዳዳዎች በአንዱ መሰካት ይበቃል። ስሙንና የይለፍ ቃሉን ከዋናው ጋር አንድ ካደረጉት ስልኩ ግቢ ለግቢ ሲሄድ ራሱ ይቀያይራል። ዴስክቶፑ እዚያው ካለ በቀጥታ በኬብል ይገናኝ፤ ከቦታው የማይንቀሳቀስ ኮምፒውተር ዋይፋይ የሚፈልግበት ምክንያት አላየሁም። በገበያ ላይ ከሚሸጡት ኬብሎች መካከል መዳብ የተለበጠ አልሙኒየም ስላለ ንጹሕ መዳብ መሆኑን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የተለበጠው ሲታጠፍ ይሰበራል፣ ለረጅም መሥመርም አይሆንም። ከቤት ቤት የሚሻገረው ኬብል ደግሞ በአየር ላይ እንዳይንጠለጠል። የደሴ ክረምት መብረቅ ያለበት ነው፤ በቱቦ ውስጥ ከምድር በታች ማሳለፍ ይሻላል፣ ነጎድጓድ ከመቅረቡ በፊትም ሁለቱንም ጫፎች መንቀል ነው።

ስለ ተራራውና ስለ ዝናቡ የተባለው ላይ ላዩን ሲያዩት አሳማኝ ነው፤ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ግን ቀላቅሏል። የጦሳ ተራራ ከደሴ አናት ላይ መቆሙ፣ ሆጤም ሆነ ቧንቧ ውሃ በሚባሉት የደሴ ሰፈሮች ባለ ቤት ውስጥ ከሳሎን እስከ መኝታ ቤት በሚሄደው ሲግናል ላይ አንዳች ተጽዕኖ የለውም፤ ደሴ ወደ 2500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1850 ሜትር ከፍታ ላይ መገኘታቸውም እንዲሁ። ተራራ የሚመለከተው ራውተሩ ሲም ካርድ የሚወስድ ከሆነ ነው፤ እንዲህ ያለው ራውተር ከሞባይል ማማው ጋር የሚያደርገው ግንኙነት በኮረብታ ሊጋረድ ይችላል። ስለዚህ ባለ ሲም ራውተር ያለው ሰው በየመስኮቱ አዙሮ እየሞከረ ማማው በተሻለ የሚገኝበትን ቦታ ይፈልግ፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ያለውን በኬብል ያዳርስ። የራውተሩ ትክክለኛ ቦታ የግቢው መካከል ነው የሚባለው በሽቦ ለሚገባ መሥመር እንጂ ለዚህ አይሠራም። ዝናብም ቢሆን የሬዲዮ ሞገድን በጉልህ ማዳከም የሚጀምረው ከ10 ጊጋኸርዝ በላይ ነው፤ በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ በግቢ ርቀት የሚያስከትለው ጉዳት ከቁጥር አይገባም። ክረምት ላይ ኢንተርኔት የሚደክመው የስልክ ሽቦ መጋጠሚያዎች ውሃ ሲገባባቸው፣ መብራትም ሲቆራረጥ ነው። የረጠበ የጭቃ ግድግዳ ከደረቀው በላይ ሲግናል እንደሚውጥ አልክድም፤ ለዚህም ቢሆን ጠንከር ያለ ራውተር ሳይሆን ከላይ ያልነው ኬብል ነው መልሱ። ኮምቦልቻም ቦርከና ሜዳ ላይ ስለተቀመጠች ብቻ የተለየ የቤት ዋይፋይ የላትም፤ እዚያም ያለው ቆርቆሮና ብሎኬት ያው ነው።

የኔትወርክን ስም መደበቅ ጥበቃ ነው መባሉ አደገኛ ስለሆነ በዝምታ ማለፍ አይገባም። ስሙ ቢደበቅም የተፈቀደለት ኮምፒውተር በተገናኘ ቁጥር በግልጽ ይላካል፤ ለዚህ የተዘጋጀ ነጻ ፕሮግራም ያለው ሰው ወዲያው ያነበዋል። ከዚያም አልፎ፣ የተደበቀ ስም የያዙ ላፕቶፖች በሄዱበት ካፌ ሁሉ ያንን ስም እየጠሩ ስለሚፈልጉት ራሳቸውን ያጋልጣሉ። ጥበቃው ያለው በምስጠራው፣ ማለትም መረጃውን ሌላ ሰው እንዳያነበው በመቆለፉ፣ ውስጥ ነው። ደብሊውኢፒ የተባለው የመጀመሪያው ምስጠራ ከ2001 ጀምሮ የተሰበረ ነው፤ በ2004 የመጣው ደብሊውፒኤ2 ከረጅም የይለፍ ቃል ጋር ለቤት ይበቃል፣ ሁሉም ዕቃዎች ከተቀበሉት በ2018 የወጣው ደብሊውፒኤ3 ይሻላል። ራውተሩ ላይ ደብሊውፒኤስ የሚባለውን፣ የይለፍ ቃል ሳይጻፍ በአጭር ቁጥር የሚያገናኘውን አሠራርም ማጥፋት ያስፈልጋል፤ ስምንት አኃዝ ያለው ቁጥሩ ለሁለት ተከፍሎ እንደሚመረመርና የመጨረሻው አኃዝም ከሌሎቹ እንደሚሰላ በ2011 ስለተገለጠ፣ ሰባሪው የሚሞክረው መቶ ሚሊዮን ሳይሆን ቢበዛ 11,000 ጊዜ ነው። ይህ ከፍጥነትም ጋር ይገናኛል። የ802.11ኤን መስፈርት የድሮዎቹን ምስጠራዎች በከፍተኛ ፍጥነት መጠቀምን ስለሚከለክል፣ ደብሊውኢፒ ወይም የመጀመሪያውን ደብሊውፒኤ ምስጠራ መርጦ የተወው ሰው አዲስ ራውተርና አዲስ አዳፕተር ገዝቶም በ54 ሜጋ ቢት ላይ ተወስኖ ሊቀር ይችላል፤ ያንን ምርጫ ማስተካከል ደግሞ ምንም አያስከፍልም።

ባትሪውን በተመለከተ ከጸሐፊው ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። የቤት ራውተር የሚፈጀው ኃይል ጥቂት ዋት ነው፤ አነስተኛ ባትሪ ለሰዓታት ያቆየዋል፣ መብራት ሲመጣና ሲሄድ ከሚፈጠረው የቮልቴጅ መዋዠቅም ይጠብቀዋል። ጽሑፉ የዘነጋው አንድ ነገር ብቻ አለ። አንዳንዱ ራውተር 9 ቮልት፣ ሌላው 12 ቮልት ይወስዳል፤ መሰኪያው ግን አንድ ዓይነት ሊሆን ስለሚችል ስሕተቱ የሚታወቀው ከተቃጠለ በኋላ ነው። ወደ ሱቅ ከመሄድ በፊት የራውተሩን ቻርጀር ገልብጦ የወጪ ቮልቴጁንና አምፔሩን በወረቀት መጻፍ፣ ባትሪውም ያንኑ ቮልት የሚሰጥና ከአምፔሩ የማያንስ መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል።